ፕላግ፣ ማብሪያ ወይስ ሪሌይ? የቤት መብራትን ስማርት ከማድረግ በፊት

የመጀመሪያውን ስማርት ፕላግ ገዝቼ ሳሎን ካለው የቁም መብራት ጋር ያገናኘሁት ሰሞን፣ አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ አደረች። ማታ ከመኝታ ቤት ስወጣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። የመብራቱን ቁልፍ ደጋግማ ተጭናዋለች፤ አልበራላትም። «ተቃጥሏል መሰለኝ፣ እናንተን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው» አለችኝ። አምፖሉ ደህና ነበር። እኔ ከመተኛቴ በፊት በስልኬ አጥፍቼዋለሁ፤ የፕላጉ የራሱ ቁልፍ ደግሞ ሶፋው ጀርባ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምመርጠው በአንድ መለኪያ ነው። ስልክም ኢንተርኔትም የሌለው ሰው፣ ማንም ሳያስረዳው፣ እጁን ዘርግቶ ማብራት ካልቻለ ያ መብራት ተበላሽቷል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚሁ የሚነሳ ነው።

መብራትን በስልክ ለማዘዝ የሚያስችሉትን ሦስቱን ዕቃዎች በአጭሩ እንለያቸው። ስማርት ፕላግ ሶኬቱ ላይ ይሰካል፤ የመብራቱ ስፒና ደግሞ እሱ ላይ ይሰካል። ሽቦ መንካት የለም። ስማርት ማብሪያ የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ አውጥታችሁ በቦታው የምታስገቡት ነው። ሪሌይ ወይም ሪሌይ ሞጁል የሚባለው የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ናት፤ ከማብሪያው ጀርባ ወይም ኮርኒስ ውስጥ ትደበቃለች፣ የድሮው ማብሪያም እንዳለ ይቀጥላል። የአብዛኞቹ ውስጥ ሲታይ ያው አንድ ነው፦ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጥና የምትቀጥል ትንሽ ሪሌይ፣ ከሬዲዮ ጋር። የሚለያዩት በሚቀመጡበት ቦታና የሰው እጅ በሚያገኛቸው መንገድ ነው።

1. ደብተር ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ

ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱ መብራት ፊት ቁሙና አራት ነገር ጻፉ። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በስፒና ነው ወይስ ከግድግዳው? በስንት ማብሪያ ነው የሚበራው? ማን ነው የሚያበራው፣ መቼስ? አምፖሉ ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ዋት?

ዙሩን ስትጨርሱ ዝርዝሩ ያጥራል። መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ አብርታችሁ፣ ወጥታችሁ የምታጠፉትን መብራት ስማርት ማድረግ ምን ይጠቅማል? የሚያዋጣው ተረስቶ የሚያድረው የውጭ መብራት፣ ከአልጋ ሳትነሱ ማጥፋት የምትፈልጉት፣ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስል የሚበራው ነው።

ብዙ ሰው «ኤሌክትሪክ ይቆጥብልኛል» ብሎ ይገዛል። እስቲ እናስላው። 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል በቀን 3 ሰዓት ቢበራ 27 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ስማርት ዕቃው ራሱ ሌት ተቀን ነቅቶ ነው የሚጠብቀው። 1 ዋት ብቻ ቢፈልግ በቀን 24 ዋት ሰዓት ይሆናል። አምፖሉ ከሚበላው ጋር እኩል ሊሆን ምን ቀረው? ከ1 ዋት በታች የሚወስዱ አሉ፤ ያም ሆኖ ለአንድ አምፖል ብላችሁ ከገዛችሁ ቆጠባ አትጠብቁ። ምቾቱን ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እሰየው።

2. ስፒና ላለው መብራት ፕላግ ይበቃል

የጠረጴዛ፣ የራስጌና የቁም መብራት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቤት የምትከራዩ ከሆነም ፕላግ ይሻላችኋል፤ ስትለቁ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ።

ግን አንድ ሙከራ አድርጉ። መብራቱን አብሩት። ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። በራ? እንግዲያው ለፕላግ ይሆናል። ካልበራ አይሆንም። በንክኪ የሚበሩና በቁልፍ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ብዙ መብራቶች ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይረሳሉ፤ ሲመለስ ጠፍተው ይቆያሉ። እንዲህ ያለውን መብራት ፕላጉ ሊያጠፋው እንጂ ሊያበራው አይችልም።

የፕላግ ትልቁ ድካም አክስቴ ላይ የደረሰው ነው። መብራቱ ላይ ያለው ቁልፍ ሁልጊዜ «በርቷል» ላይ መቆየት አለበት። አንድ ሰው እዚያ ካጠፋው ስልኩ ምንም አያደርግም፤ በስልክ ከጠፋ ደግሞ ቁልፉ ምንም አያደርግም። መፍትሔው በባትሪ የምትሠራ ገመድ አልባ ቁልፍ ገዝቶ ከፕላጉ ጋር ማስተዋወቅና መብራቱ አጠገብ መለጠፍ ነው። እኔ ሳሎን ያደረግሁት ይህንን ነው። ቢያንስ ቢያንስ ፕላጉን እጅ የሚደርስበት ሶኬት ላይ ሰኩት።

ስለ አምፔር ለመብራት ብዙ አትጨነቁ። 230 ቮልት ባለበት ቤት 10 አምፔር ማለት 2300 ዋት ነው፤ የአንድ የጠረጴዛ መብራት ዋት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ነገ ግን ያንኑ ፕላግ ወስዳችሁ ማሞቂያ እንዳትሰኩበት።

3. ከግድግዳ ለሚበራው፦ ማብሪያውን ክፈቱና ኒውትራል ፈልጉ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን እርምጃ ዘሎ ነው።

አስቀድሞ ደህንነት። ብሬከሩን አጥፉ፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራው ለቤተሰቡ ንገሩ ወይም ወረቀት ለጥፉበት። መልቲሜትራችሁ (ቮልቴጅ መለኪያችሁ) እንደሚሠራ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ሶኬት አረጋግጡ። ከዚያ ማብሪያው ውስጥ ለኩ። ከዚያ ተመልሳችሁ ሶኬቱ ላይ እንደገና ሞክሩት። በመሃል ባትሪው ያለቀ መልቲሜትር «የለም» ብሎ ሊያሳስታችሁ ይችላልና። የቤት ሽቦ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም የምትኖሩበት አገር ሕግ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው የሚል ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለባለሙያው የምትነግሩት አድርጋችሁ አንብቡት። ምን እንደሚሠራላችሁ ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለምንድን ነው ኒውትራል የምንፈልገው? ተራ ማብሪያ አያስፈልገውም። ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ ወደ ማብሪያው ይገባል፣ ሲበራ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ መመለሻው ሽቦ ኒውትራሉ ደግሞ ከአምፖሉ ይመለሳል። ስማርት ማብሪያና ሪሌይ ግን ራሳቸውም ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። መብራቱ ጠፍቶ እያለ እነሱ ነቅተው መስማት አለባቸው። ለዚህ ፌዝም ኒውትራልም መምጣት አለበት።

ብዙ ቤቶች ውስጥ ማብሪያው ዘንድ የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ፌዝ ነው። ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ነው። ኒውትራሉ ኮርኒስ ውስጥ ቀርቷል።

በመልቲሜትር ስትለኩ የሚያታልላችሁ አንድ ነገር አለ። ማብሪያው ጠፍቶ፣ አምፖሉ በቦታው እያለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ብትለኩ ሙሉ ቮልቴጅ ሊያሳያችሁ ይችላል። «አሃ፣ ፌዝና ኒውትራል አለ» ትላላችሁ። የለም። ሁለተኛው ሽቦ በአምፖሉ አልፎ ከኒውትራል ጋር ስለሚገናኝ ነው ኒውትራል የሚመስለው። አምፖሉን አውጥታችሁ ለኩት። ቮልቴጁ ከጠፋ ያ ሽቦ ኒውትራል አልነበረም። የካቻቢቴ ቴስተርም እዚህ አይረዳም፤ ኒውትራሉም ላይ፣ ማብሪያው ሲጠፋ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦም ላይ አይበራም። ሁለቱን አይለይላችሁም። ይህ ልኬታ ኤሌክትሪክ እያለ ስለሚሠራ፣ እጃችሁ ካልለመደ ለባለሙያ ተዉት።

ቀለምም ማስረጃ አይሁናችሁ። በአውሮፓ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ በአሜሪካ ጥቁር ፌዝ፣ ነጭ ኒውትራል። ነገር ግን ሁለት ሽቦ ብቻ በሚወርድበት ቤት ያ «የኒውትራል» ቀለም ያለው ሽቦ ወደ አምፖሉ የሚሄደው፣ ወይም ጭራሽ ፌዙ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የሠራተኛው ምርጫ ነው፤ እመኑ ከተባለ መልቲሜትሩን እመኑ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኒውትራሉ ከማብሪያው ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ ጥግ ላይ፣ በሞርሴቶ (በሽቦ ማያያዣ) ወይም በናስትሮ ታስሮ ይገኛል። ማብሪያው ላይ ስላልገባ ብቻ የለም አትበሉ።

ሳጥኑን ከከፈታችሁ አይቀር ጥልቀቱንም ለኩ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

4. ኒውትራል ካለ

አሁን ምርጫው በማብሪያና በሪሌይ መካከል ነው። እኔ ለአብዛኛው ቤት ሪሌይ እላለሁ። ምክንያቱም የድሮው ማብሪያ ስለማይነሳ ነው። አያት ያንኑ ማብሪያ ይጫናሉ፤ ልጁም ያንኑ። ማንም አዲስ ነገር አይማርም። ዕቃው ቢበላሽም የግድግዳው መልክ አይቀየርም፤ ሪሌዩ ብቻ ይወጣል።

ስማርት ማብሪያ የሚመረጥበት ጊዜ ግን አለ። ሳጥኑ ጥልቀት የሌለው ከሆነ ሪሌይና ማብሪያ አብረው አይገቡም። ብዙ ሪሌዮች ቁመታቸውም ወርዳቸውም ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቦዎቹ ደግሞ መታጠፊያ ይፈልጋሉ። በጉልበት አትጠቅጥቁ። የተጨናነቀ ሳጥን ይሞቃል፣ ሽቦም ይላላል። ሌላው ማብሪያው ራሱ አርጅቶ ሊቀየር ሲል ነው፤ ያኔ ስማርቱን ማስገባት ያዋጣል። ስትገዙ ግን ቁልፉ በእጅ የሚጫኑት እውነተኛ ቁልፍ ቢሆን እመርጣለሁ። የመስታወት ንክኪ በጨለማ በዳሰሳ አይገኝም፤ እጁ እርጥብ የሆነ ሰውንም ያስቸግራል።

የደረጃ መብራትስ? ታች አንድ ማብሪያ፣ ላይ አንድ ማብሪያ ያለው? እዚህ ሪሌይ በግልጽ ያሸንፋል። ሁለቱ ማብሪያዎች እንዳሉ ይቆዩና አምፖሉን ከማብራት ይልቅ ለሪሌዩ ምልክት የሚሰጡ ይሆናሉ። ከየትኛውም ወገን ቢጫኑ ሪሌዩ ይቀያይራል። ስማርት ማብሪያ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ጫፍ የሚናበቡ ዕቃዎች ያስፈልጓችሁ ነበር።

5. ኒውትራል ከሌለ

ሦስት መንገድ አለ። ሁለት የተከለከሉም አሉ፤ በነሱ ልጀምር።

የመሬት ሽቦውን እንደ ኒውትራል አትጠቀሙ። «ይሠራል» የሚላችሁ አይጠፋም። በርግጥም ሊበራ ይችላል። ግን የመሬት ሽቦ ሰውን ከሞት ለማዳን የተቀመጠ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይሂድበት። ሌላው ደግሞ ከጎን ካለ የሌላ ብሬከር መስመር ኒውትራል መበደር ነው። አንዱን ብሬከር አጥፍታችሁ ደህና ነው ብላችሁ ስትነኩት፣ በዚያ ኒውትራል የሌላው መስመር ኤሌክትሪክ እየተመለሰ ይሆናል።

አንደኛው ትክክለኛ መንገድ ያለ ኒውትራል የሚሠራ ስማርት ማብሪያ መግዛት ነው። እነዚህ በአምፖሉ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ራሳቸውን ይመግባሉ። ለድሮ አምፖል ችግር የለውም። ኤልኢዲ ግን በዚያች ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊብለጨለጭ ወይም ጠፍቶ እያለ ደብዛዛ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። እኔ መኝታ ቤት ገጥሜ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ እንደ ጨረቃ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ሲያድር አየሁ። መድኃኒቱ አምፖሉ ዘንድ፣ ከማብሪያው ወደ አምፖሉ በሚመጣው ሽቦና በኒውትራሉ መካከል የሚገባ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው። ብዙ ጊዜ ከማብሪያው ጋር አብሮ ይመጣል። አውጥታችሁ እንዳትጥሉት።

ሁለተኛው መንገድ ሪሌዩን ወደ ኮርኒስ መውሰድ ነው። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። አስቡት፦ ሁለት ሽቦ ብቻ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ከላይ ከሆነ፣ ላይ ፌዝም አለ፣ ኒውትራልም አለ። ስለዚህ ሪሌዩ እዚያው ይቀመጣል። ከማብሪያው የሚመለሰው ሽቦ ከአምፖሉ ይነቀልና ወደ ሪሌዩ የምልክት መግቢያ ይገባል። አምፖሉ ደግሞ ከሪሌዩ መውጫ ይቀጥላል። ግድግዳ ሳይነካ፣ ማብሪያው ሳይቀየር አለቀ። ፌዙ ወደ ማብሪያው የሚመጣው በሌላ መንገድ ሆኖ አምፖሉ ዘንድ የማያቋርጥ ፌዝ ከሌለ ግን አይሆንም፤ ከላይ ያለውንም በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ሦስተኛው ስማርት አምፖል ነው። ሽቦ አይነካም፤ ግን የግድግዳው ማብሪያ ሲጠፋ አምፖሉም አብሮ ይሞታል። የአክስቴ ታሪክ በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው። ከገዛችሁ ለመብራቱ ገመድ አልባ ቁልፍ አብራችሁ ግዙ።

6. «10 አምፔር» የሚለውን ጽሑፍ በጥርጣሬ አንብቡ

ሪሌዩ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው። ኤልኢዲ ሌላ ጠባይ አለው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ገና ሲበራ ለቅጽበት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል። አንድ አምፖል ከሆነ ምንም አይደል። በአንድ ማብሪያ 15 የኮርኒስ መብራት ሲበራ ግን የሁሉም ቅጽበት አንድ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት የሪሌዩ ሁለት ብረቶች ተበያይደው ሊቀሩ ይችላሉ። ያኔ አፑ «ጠፍቷል» ይላል፤ መብራቱ በርቶ ያድራል።

ስለዚህ መመሪያው ውስጥ ለኤልኢዲ ተብሎ ለብቻው የተጻፈውን ዋት ፈልጉ። ከዋናው ቁጥር በጣም ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኤልኢዲ ዋት ጨርሶ ያልጻፈ አምራች ከሆነ ለብዙ አምፖል አትመኑት። መብራቱ በጣም ብዙ ከሆነ ባለሙያ ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ትልቅ ሪሌይ) ያስገባላችሁ፤ ሪሌዩ ኮንታክተሩን፣ ኮንታክተሩ መብራቱን ያዛል።

7. በምን ይነጋገራል?

ዋይፋይ ከሆነ ተጨማሪ ዕቃ አያስፈልግም። አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ራውተራችሁ ላይ እሱ መከፈቱን እዩ። አምስት ስድስት ዕቃ ምንም አይልም፤ ሠላሳ ሲሆን ርካሽ ራውተር ይጨናነቃል። ብዙ ለማስገባት ካሰባችሁ ዚግቢ የሚባለው ሌላ ገመድ አልባ መገናኛ ይሻላል። ማዕከል የሚሆን አንድ ዕቃ ይፈልጋል፤ ከኒውትራል ጋር የተገናኙት ዕቃዎች ግን ምልክቱን አንዱ ለሌላው ስለሚያቀብሉ መረቡ እየጠነከረ ይሄዳል። ዚ ዌቭ የሚባለውን ሌላ መገናኛ የምትገዙ ከሆነ የሬዲዮው ድግግሞሽ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የሌላ አገሩ ለእናንተ አይሠራም። በ2022 የወጣው ማተር የሚባለው ስምምነት የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች እንዲግባቡ ስለሚያደርግ፣ አዲስ ስትገዙ የማተርን ዓርማ ብትፈልጉ አይከፋም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትእዛዙ ከቤት ወጥቶ ሩቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስ ከሆነ፣ ኩባንያው አገልግሎቱን የዘጋ ቀን ዕቃው ተራ ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማብሪያው ያለበት ሳጥን ብረት ከሆነ የዕቃውን ሬዲዮ ያፍናል።

8. ሪሌዩን መግጠም

ብሬከሩ ጠፍቷል፣ ተለክቷል። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ይህ ፎቶ በኋላ ስንት ጭንቀት ያድናል!

ኒውትራሉን ኤን (N) የሚል ፊደል ያለበት ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። ፌዙን ኤል (L) የሚለው ላይ። ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ መውጫው ላይ ይታሰራል፤ መውጫው በብዙዎቹ ላይ ኦ (O) ተብሎ ይጻፋል። ከማብሪያው አንዱ እግር ከፌዙ ጋር ይገናኛል፣ ሌላው እግር የምልክት መግቢያው ላይ ይገባል። ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም፤ አምራቾች የምልክት መግቢያውን በተለያየ መንገድ ነው የሚሠሩት። አንዳንዱ ላይ ፌዝ ከገባ ወዲያው ይቃጠላል። የገዛችሁትን ሪሌይ የሽቦ ሥዕል ሳታዩ አትሰሩት። ሪሌዩ የሚቆርጠው ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ጠፍቶ እያለም አምፖል ስትቀይሩ ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል።

እያንዳንዱን ሽቦ አጥብቃችሁ ጎተት አድርጉት። ከወጣ አልታሰረም ነበር።

9. አስተካክሉ፣ ከዚያ ፈትኑ

አፑ ውስጥ ሁለት ነገር አስተካክሉ። የማብሪያው ዓይነት፣ ማለትም እንደ ተጫኑት የሚቀር ነው ወይስ ሲለቁት የሚመለስ? እና መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሁን? ይህን ካላያችሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ቤቱ ሁሉ ቦግ ብሎ ሊበራ ይችላል። ለመኝታ ቤት «ጠፍቶ ይቆይ»፣ ለሌላው «እንደ ነበረው ይሁን» የሚለውን እመርጣለሁ።

ከዚያ ራውተሩን ንቀሉት። የግድግዳውን ማብሪያ ተጫኑ። መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ የሆነ ቦታ የሚቀር ሥራ አለ። ራውተሩን መልሱና ቤት ውስጥ ስለ ስማርት ዕቃ ምንም የማያውቀውን ሰው ጥሩ፤ ምንም ሳትነግሩት «እስቲ አብራው» በሉት።

ማብሪያ የቀየራችሁ ከሆነ የድሮውን አትጣሉ። ያነሳችሁትን ፎቶ አትማችሁ ከሱ ጋር ፌስታል ውስጥ አድርጉና ብሬከሩ አጠገብ አስቀምጡት፤ ከእናንተ በኋላ ያንን ሳጥን የሚከፍተው ሰው ይፈልገዋል።